ግራጫውን ያነበብኩባት ቀን

ሸዋ ሮቢት የተመደብኩት የነዋሪዎችን መታወቂያ፣ ልደትና ሞት እንድመዘግብ ነው። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ እኔ ደግሞ ድሮም ቁጡ ነኝ። ምዝገባው ወደ ኮምፒውተር ከዞረ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ቀድሞ የተመዘገበው የቤተሰብ መረጃ በግራጫ ተጽፎ ይታያል፤ እሱ አይነካም። የሚሞሉት ከጎኑ ያሉት ነጫጭ ሳጥኖች ናቸው። ሰዉ ግን ይህ አይዋጥለትም። «የአባቴን ስም ጻፍልኝ» ይለኛል። «ተጽፏል!» እላለሁ። «ቢሆንም ጻፈው።» እንዲህ ስንጨቃጨቅ እንውላለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት መጣች። ከሳዑዲ ከገባች ገና አንድ ቀኗ ነው። ቀዬዋ ከከተማው ወጣ ብሎ ቆላው ውስጥ ነው፤ ከተማ የሚኖረው አጎቷ ግን «ዛሬ እኔ ዘንድ እረፊ፤ ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን» ብሎ አስቀርቷታል። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብላ መታወቂያዋን ልታሳድስ በባጃጅ መጣች። ይህን ሁሉ ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ፤ ደስታው አላስችል ብሏት ነበር።

«እማዬን ካየኋት ሰባት ዓመቴ» አለች። «ስደውል ጉሮሮዋን አሟታል እያሉ አያገናኙኝም። ነገ ግን የት ታመልጠኛለች!»

ያገሬ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው መርዶ የሚነገረው። እኔም አላጣሁትም። ጆሮዬ ግን እሷ ጋ አልነበረም፤ ወረፋው በር ላይ ደርሷል፣ ዓይኔም ስክሪኑ ላይ ነው።

«ችግር ቢደርስብሽ ተጠሪሽ ማን ይሁን?»

«እናቴ።» የስልክ ቁጥሩን በቃሏ አንበለበለችው።

ሳጥኑ የሚገኘው ከእናት መረጃ ጎን ነው። ልጽፍ ስል ግራጫውን አየሁት። «እናትሽማ ሞታለች ይላል እኮ። ሌላ ሰው ንገሪኝ» አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ሳቀች። «ተሳስታችኋል ጋሼ። ሌላ ሰው ይሆናል። ያስተካክሉት።»

«ግራጫው አይነካም።» በቀን ስንት ጊዜ የምለው ነው፤ አፌ ለምዶታል። ይህን ብዬ ቀና ስል ፊቷን አየሁት፤ የተናገርኩት ነገር ያን ጊዜ ገባኝ።

ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ማውሱን ከእጄ ወሰደች። የእናቷ ስም ላይ አድርጋ ተጫነች፤ ደግማ ተጫነች፤ ደጋገመች። አልከለከልኳትም። ያንን ሞት የመዘገብኩት ራሴ መሆኔም ትዝ አለኝ፤ ያስመዘገበው አጎቷ ነበር። የብዙ ሰው ሞት ስለምጽፍ ረስቼው ነው።

«መቼ ይላል?» አለች።

አነበብኩላት። ረመዳን ሳይገባ ነበር።

አጎቷ ከቤት ሲያጣት ሲፈልጋት ቆይቶ ላቡ በላዩ ላይ እየወረደ ደረሰ። ፊቷን እንዳየ ሁሉም ገባው። «ሽማግሌዎቹን ለነገ ማለዳ፣ ለሱብሂ ሰላት ጠርቻቸው ነበር» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለእሷ አላውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ራሴን ጠላሁት።

እሷ ማውሱን አስቀመጠች። እስከዚያ ሰዓት አላለቀሰችም።

«ለዒድ የላክሁላት ቀሚስ» አለችው፣ «ልክ ሆነላት ብላችሁኝ ነበር እኮ።»