በሁዳዴ ለአማቴ የሰራሁት ብስኩት

አማቴ ሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ጊዜ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ካለው ቤታቸው አውርደን ፈረንሳይ ሰፈር እኛ ጋ አመጣናቸው። ቀን ቀን ማን ፈቃድ ወስዶ ይጠብቃቸው በሚለው ላይ ከባለቤቴ ጋር ብዙ አልተከራከርንም። እሷ ከቢሮ ግማሽ ቀን ብትቀር ስልኳ እስኪግል ድረስ ይደወልላታል። እኔ ፈቃድ ልጠይቅ አለቃዬ ቢሮ ስገባ፣ ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና "አንተ ፈቃድ ላይ አይደለህም እንዴ?" አለኝ። ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

ችግሩ አማቴ አይበሉም። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ለባለቤቴ ነግሯታል። ካልበሉ ጉልበት አያገኙም፣ ጉልበት ካላገኙ በሽታው ይመለሳል፣ ከተመለሰ ደግሞ በዚህ እድሜያቸው... ብሎ ዝም አለ። ባለቤቴ ያቺን ዝምታ ይዛት ቤት ገባች። ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ ባየች ቁጥር ሳሎን ሄዳ መጋረጃ ታስተካክላለች። የዚያን ሰሞን የእኛን መጋረጃ የሚያህል የተስተካከለ መጋረጃ በሰፈሩ አልነበረም።

በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው። የንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው "ታመዋል፣ ይብሉ፣ ፈቅጄልዎታለሁ" አሏቸው። አማቴ መስቀል ተሳልመው፣ አመስግነው ሸኟቸው። ካህኑ ገና ከበሩ ሳይርቁ ወደ እኔ ዞረው "እሳቸው ፈቅደዋል። እኔ መች ፈቀድኩ?" አሉኝ። እናም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ዘጠኝ ሲሆን ደግሞ አፌ መረረኝ ይላሉ። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን የአጃ አጥሚት አንዴ አሸተቱትና "ይሄን ለጥጃ ስጡት" ብለው መለሱት። የጋብቻ ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ ስላስቸገረ ክር ጠምጥመውበታል።

አንድ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ከቢሮ ቪዲዮ ላከችልኝና ወዲያው ደወለች።

"አየኸው?"

"ገና እየከፈተ ነው።"

"ብስኩት ነው። አጃ አለበት፣ ቸኮሌት አለበት። እማዬ ጣፋጭ ነገር አይታ አታልፍም። መጋገርም የለውም።"

"እኔ ልስራው?"

"ሌላ ማን አለ ቤት ውስጥ?"

 መጋገር የለውም የሚለው ልብ ሰጠኝ፤ የእኛ ኦቭን ከተበላሸ ወዲህ የሚያገለግለው ለድስት ማስቀመጫ ነው።

ቪዲዮው ላይ አንዲት ደስተኛ ፈረንጅ ስኳር፣ ካካዎና ሌላም ሌላም ነገር ድስት ውስጥ ታፈላለች፣ የለውዝ ቅቤና አጃ ጨምራ ታማስላለች፣ በማንኪያ እየቆረጠች ትሪ ላይ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ሲቀዘቅዝ ራሱ ብስኩት ይሆናል። እጅ አጣጥፎ መጠበቁ ላይ ከሷ እንደማላንስ እርግጠኛ ነበርኩ።

ወደ ሱቅ ወረድኩ።

"ይሄ ካካዎ ወተት አለበት?" አልኩት ባለሱቁን።

"የለበትም ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ጋሼ፣ ካካዎ ነው።"

"ለጾም ስለሆነ ነው።"

"እኔም ጾመኛ ነኝ ጋሼ።"

ጣሳውን አገላብጬ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን መነጽሬን አውልቄም አድርጌም አነበብኩት። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። አንዷ ትዕግስቷ አልቆ "ለጳጳስ ነው እንዴ የሚገዛው?" አለች።

"ለአማት ነው" አልኩ።

ሰልፉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ።

ቤት ገብቼ ስልኬን ጣሳ ላይ አስደግፌ ስራ ጀመርኩ። ፈረንጇ ስኳር ስትጨምር ስኳር ጨመርኩ። ካካዎ ስትጨምር ካካዎ ጨመርኩ። ቅቤ ስትጨምር ፍሪጅ ከፈትኩ፤ ባለቤቴ የቅበላ ማግስት በሁለት ፌስታል ጠቅልላ፣ ቋጥራ፣ ከጥግ የደበቀችውን ፈትቼ አንድ ጭልፋ ጨመርኩ። ባለሱቁን እንደ መርማሪ ፖሊስ አፋጥጬ የመጣሁት ሰውዬ ቅቤውን በገዛ እጄ ጨመርኩ። ያውም የፈረንጇን ዓይነት ገርጣ ያለ ቅቤ አይደለም። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹ ያለበት፣ ለፋሲካ ዶሮ የተቀመጠ ንጥር ቅቤ ነው። አጃውን ገልብጬ ማማሰል ስጀምር ቤቱ በአንዴ ፋሲካ ሆነ።

ከመኝታ ቤት የአልጋ ሲጥሲጥታ ሰማሁ።

"ማነው በሁዳዴ ቅቤ የሚያቀልጠው?" አሉ አማቴ። ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ እንዲህ ጥርት ያለ ድምፅ ሰምቼባቸው አላውቅም።

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ለእርስዎ የጾም ብስኩት እየሰራሁ ነው።"

አልጋው እንደገና ሲጥ አለ።

"አምጣና አሳየኝ" አሉ።

ድስቱን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እንዳልጠጋቸው በእጃቸው ከለከሉኝ፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉና ከሩቅ አዩት።

"ይሄ ብስኩት አይደለም። ጭኮ ነው። በገብስ ፋንታ አጃ አግብተህበት፣ ጥላሸት ቀባኸው።"

"ቸኮሌት ነው እማማ።"

"አጥቁረኸዋል ነው የምልህ። በል ለጴንጤዋ ጎረቤታችሁ ስጣት፣ እህል አይደፋም። ያን ድስት ደግሞ እስከ ፋሲካ እዚህ ቤት እንዳላየው።"

ጎረቤታችን ሁዳዴ አይመለከታቸውም። ሳህን ይዤ ሳንኳኳ በሩ ላይ እንደቆሙ አንዱን ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከፈቱ።

"ጭኮ ነው?"

"ብስኩት ነው።"

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አሉና ሳህኑን ከእጄ ወሰዱት። "ድስቱ ውስጥ የቀረ አለ? ድስቱንም አምጣው፣ እኔው አጥበዋለሁ።" እስከ ፋሲካ የት እንደማስቀምጠው የቸገረኝ ድስት በዚሁ ማረፊያ አገኘ።

ስመለስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ። አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከአልጋ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው ትከሻ ላይ የሚደገፉት ሴትዮ ብቻቸውን መጥተዋል። በአንድ ክንዳቸው ትንሽ ድስት አቅፈዋል። ከቤታቸው ስናመጣቸው በልብስ ሻንጣቸው ውስጥ ጠቅልለው ይዘዋት የመጡ የጾም ድስታቸው ናት። እኛ ቤት ያለው ድስት እምነት እንደማይጣልበት ቀድመው አውቀው ኖሯል።

"እማማ፣ ይተኙ እንጂ!"

"አንተን እዚህ ትቼ? በርጩማ አምጣ። መስኮቱን ክፈተው፣ ሽታው ይውጣ። እጅህን ታጠብ።"

"ታጥቤያለሁ።"

"ድገመው።"

ደገምኩት። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ አይተው፣ በቅቤው ፋንታ ዘይት፣ ፈረንጇ በምትጨምረው ወተት ፋንታ ውሃ ይሁን አሉ። ፈረንጇ ይሄን አልተናገረችም ብል "እሷ እዚህ ቤት ምን አላት?" ብለው ስልኩን በፊቱ ደፉት። የለውዝ ቅቤውን ብልቃጥ ደግሞ ሦስት ጊዜ አሽትተው፣ አንዴ እኔን አሽትተው፣ አሳለፉት።

"አማስለው እንጂ! ክንድህን ምን ነካው?"

"እያማሰልኩ ነው።"

"እያባበልከው ነው። ልጄ አንተን ስታገባ እኮ ብያት ነበር።"

"ምን አሏት እማማ?"

"ከታች ይይዝብሃል፣ ዝቅ አድርገው።"

ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። አጃው ከገባበት በኋላ በማንኪያ መቁረጡን አልወደዱትም፤ እጃቸውን ውሃ ነክረው በመዳፋቸው እየጠቀለሉ ትሪ ላይ ደረደሩት። እኔ የሰራኋቸው ሁለቱ ላም የረገጠቻቸው ይመስሉ ነበር፤ ለብቻቸው ጥግ ላይ አስቀመጧቸው። ትሪውን መስኮቱ ላይ አደረግነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ከፍሪጃችን ይበልጣል።

ከዚያ ጠበቅን። ብስኩቱ እስኪደርቅ፣ ሰዓቱም እስኪደርስ። አማቴ በርጩማው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን አንዴ ወደ ትሪው፣ አንዴ ወደ ግድግዳ ሰዓቱ ያደርጋሉ። ይብሉ አላልኳቸውም። ይብሉ ካልናቸው አፋቸው ይመራል። የሰማሁትን ሁሉ ሐሜት እያወራሁ፣ የጎደለውን ከራሴ እየሞላሁ ቆየሁ። ዘጠኝ ሲሆን ዝም አልኩ፤ የማወራውም አልቆብኝ ነበር።

አማተቡና ራሳቸው ከጠቀለሏቸው አንድ አነሱ። ነከሱ። ቀስ ብለው አኘኩ።

"ጨው ይጎድለዋል" አሉ።

"ጣፋጭ እኮ ነው።"

"ቢሆንም ይጎድለዋል" አሉና ጨረሱት። ሁለተኛውን አነሱ፤ ይሄኛው ደግሞ ሳይደርቅ ቸኮልክበት አሉ። ሦስተኛው ላይ የእኔን፣ የተረገጠውን አነሱና ብዙ አገላበጡት። "ከመልኩ ይሻላል" አሉ። በትዳር ዘመኔ ከእሳቸው ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ይሄ ነው።

ባለቤቴ ከቢሮ ቀደም ብላ አስፈቅዳ ኖሮ ያን ጊዜ ገባች። ባዶውን አልጋ አይታ እየሮጠች ወጥ ቤት በር ላይ ደረሰች። እናቷን አየች፣ ትሪውን አየች፣ እናቷ ከንፈር ላይ ያለውን ካካዎ አየች።

"እማዬ... በላሽ?"

"ማን በላ?" አሉ አማቴ አፋቸው እንደሞላ። "ባልሽ ምግብ አይችልም፣ እየቀመስኩለት ነው። ነገም ይሞክር። እስኪችል ድረስ እቀምስለታለሁ እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ?"

ባለቤቴ ዞራ ወደ ሳሎን ሄደች። መጋረጃው ሲንሿሿ ሰማሁት።

በማግስቱ ሰራሁ። በሦስተኛውም ቀን ሰራሁ። አማቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እየሰደቡኝ በየቀኑ ይቀምሱልኛል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን አጃውን አበዛለሁ፣ አንድ ቀን ስኳሩን አሳንሳለሁ። ፋሲካ እስኪደርስ፣ ሙያው እንዳይዋጣልኝ በጣም ተጠንቅቄያለሁ።