አጎቴና የሶደሬ ጦጣዎች

ዛሬ ሶደሬ ላይ የገዛ አጎቴን አላውቃቸውም አልኩ።

ከደባርቅ ከመጡ ገና ሳምንታቸው ነው። ፍልውሃ ላሳያቸው ብዬ ጠዋት ከካዛንቺስ በሚነሳ የሽርሽር አውቶቡስ ይዣቸው ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ካፖርቴን አላወልቅም አሉ። እሱንስ ቻልኩት።

ጉዱ የመጣው ከጦጣዎቹ ጋር ነው። ሰው ሁሉ ሙዝ እየሰጠ ፎቶ ይነሳል። እሳቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ገብስ ከዝንጀሮ ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ነጠላቸውን እንደ ወንጭፍ ጠምዝዘው "ሂድ፣ ሌባ ሁላ" ብለው ድንጋይ ለቀቁ። ድንጋዩ ዛፉን መታ፣ ጦጣውም ፎቶ አንሺውም እኩል ሮጡ።

(ጉልበታቸው ግን አሁንም አለ፣ በቃ መካድ አይቻልም።)

የውሃ ሸርተቴው ሰልፍ ላይ አብራኝ የቆመች፣ በአውቶቡሳችን ከፊት ተቀምጣ የመጣች ልጅ እየሳቀች "ሰውዬው ካንተ ጋር ናቸው እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ አላውቃቸውም።"

ዞር ስል ከኋላዬ ቆመዋል።

አመሻሽ ላይ ካዛንቺስ ስንወርድ ልጅቷ አዝናላቸው "አባባ፣ የሚቀበልዎት ሰው አለ?" ብላ ጠየቀቻቸው። ወደ እኔ ሳያዩ "አለ ልጄ፣ ይመጣል" አሉና ብቻቸውን መንገድ ጀመሩ።

ሰው ሲበተን ሮጬ ደረስኩባቸው። ዳቦ ቤቱ ጥግ ካፖርታቸውን ቆልፈው ቆመዋል።

"ሄደች?" አሉኝ ቀስ ብለው።

እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ዘመዱን እንዲህ ክዶ የሚያውቅ ካለ፣ ማለቴ፣ ከየት እንደሚጀመር ይንገረኝ።