ለመጣል የተቀጠረች የምናለሽ ተራ ልጅ

አባቴ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። ድስት የሌለው ክዳን፣ ክዳን የሌለው ድስት፣ ተቀጥቅጦ የተቃና ሚስማር፣ እጀታው ብቻ የቀረ ማንቆርቆሪያ ሳይቀር አለው። «ጣዪው» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ የእሱ ልጅ እንጀራዋ መጣል ሆነ ቢባል ማን ያምናል?

የምሠራው የሳተላይት ካሜራ ምስሎችን በሚያጠና ቡድን ውስጥ ነው። ከባድ መብረቅ ሲወርድ አንዳንዴ ከደመናው በላይ ቀይ ብርሃን ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ ቅርጹ ካሮት ይመስላል። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም። እሱን ለመያዝ ካሜራው ሳያቋርጥ ያነሳል፤ ያን ሁሉ ምስል ወደ ምድር ለመላክ ግን አቅም የለም። ስለዚህ እዚያው ሳተላይቷ ላይ ሆኖ ብልጭታ ያለበትን የሚያስቀር፣ ሌላውን የሚጥል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ያንን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ቁርጥ አባቴን ወጣ። ጨለማውንም፣ ባዶ ደመናውንም፣ የጨረቃ ነጸብራቁንም አንድ ቀን ይጠቅማል ብሎ አከማቸ። አለቃዬ ውጤቱን አይቶ «እህቴ፣ ሳተላይቷን እኮ መጋዘን አደረግሻት!» አለኝ። ስቆ ሲጨርስ ኮስተር አለ፤ በሚቀጥለው ሙከራ ካልተስተካከለ የሌላ ሰው ፕሮግራም ይጫናል። ሰማይ የሚወጣ ነገር መሥራት የልጅነት ምኞቴ ነው፤ እልህ ያዘኝ።

ቅዳሜ አባዬ ሱቅ ሄጄ ላፕቶፔን በርሜል ላይ አስቀመጥኩና በሙከራ ምስሎቹ ላይ የፕሮግራሙን ማጣሪያ አጠበቅኩት። ጨለማው ሄደ፣ ደመናው ሄደ፣ ጨረቃዋም ተሰናበተች። አንዲት ነጭ ነጥብ ግን ብልጭታ ነኝ ብላ ድርቅ አለች። ጠጋ ብዬ ባያት አዲስ አበባ ናት! ፕሮግራሜ የከተማውን መብራት ብልጭታ አድርጎት ኖሯል። መላው አንድ ነው፤ ያንን ቦታ ጨርሶ እንዳያይ ማዘዝ።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ መጣ። «እኛ የት ነን?» አለ። የነጥቧን ግራ ጠርዝ አሳየሁት፤ ጣቱን አሳረፈባት።

«እና ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ልጥላት ነዋ።»

«መርካቶን? አንቺ ልጅ፣ ያሳደገሽን ሰፈር?»

ሳቅኩ። «ካልጣልኳት እኮ አባዬ፣ የሳተላይቷ ማከማቻ በእሷ ይሞላና ብልጭታው ያመልጣል።»

«ካመለጠ ተመልሶ አይመጣም?»

«አይመጣም።»

ጣቱን ከስክሪኑ ላይ አነሳ።

«ጣያት በቃ» አለ። «እኛ ነገም እዚሁ ነን።»

ትእዛዙ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እዚያው በርሜሉ ላይ ጻፍኩት። ፕሮግራሜ ሙከራውን አልፎ ሰማይ ወጣ። አሁን ሳተላይቷ በምሽት በላያችን ስታልፍ መርካቶን አይታ እንዳላየች ትሄዳለች፤ ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።