የፔሌግሪኖው በር

ልጅ ሳለሁ፣ ኮሎምበስ ከተማ ዳር፣ ዋይትሆል ውስጥ በምንኖርበት አፓርትመንት፣ እናቴ የማታ ሺፍት ስትገባ እኔንና ወንድሜን የሚጠብቁን ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ ነበሩ። ኮሎምበስ ከመምጣታቸው በፊት ሮም ውስጥ ብዙ ዓመት በስደት ስለኖሩ በየወሬው ጣልያንኛ ጣል ማድረግ ይወዱ ነበር። ከተረቶቻቸው ሁሉ እኔ የምወደው የፔሌግሪኖውን ነው።

አንድ የክረምት ማታ በረዶው ሽቦ በጥሶ መብራት ጠፋ። ጋሼ ጧፍ ለኩሰው መስኮቱ ደፍ ላይ አቆሙና፣ እኛ በጋቢያቸው ተጠቅልለን፣ የሰሙ ሽታ ቤቱን ሞልቶት፣ ያኔ እንደ ልማዳቸው ከቃሉ ጀመሩ።

«ፔሌግሪኖ ዛሬ ተሳላሚ ነው፣ ቅዱስ ቦታ የሚሄድ። ጥንት ግን የሰው እርሻ አቋርጦ የመጣ ባዕድ ማለት ነበር። መጀመሪያ ባዕድ አሉት፤ የተቀደሰ መንገድ ላይ መሆኑ የገባቸው ቆይቶ ነው።»

ከዚያ ባዕዱ የሰው በር ያንኳኳል። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቶቹ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው ይከፍቱለታል። ሮማውያኑ ይህን አማርኛ ከየት እንዳመጡት የጠየቀ የለም።

ልክ እዚያ ሲደርሱ የእኛ በር ተንኳኳ። ጋሼ ብድግ አሉ። ወንድሜ «ኖ! ማም ሴድ ዶንት ኦፕን!» አለ። እውነትም እናቴ ለማንም እንዳይከፈት አደራ ብላ ነበር የምትወጣው። ጋሼ አመነቱ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ። ደግሞ ተንኳኳ፣ ከዚያ ዝም አለ። ተረቱ በመቀጠሉ እኔ ደስ አለኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ከአገር ቤት አዲስ የመጣች ሴት ጨቅላዋን አዝላ ለእናቴ ታወራ ነበር። ሕንጻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸውና፣ ያመጣት መኪና በዘመዶቿ በር ፋንታ በእኛ በር አውርዷት ሄዷል።

«በመስኮት ጧፍ አይቼ የሐበሻ ቤት ነው ብዬ አንኳኳሁ፤ ለካ ሰው የለም» አለች፣ ያለ ቂም። በዚያ ብርድ ልጇን ይዛ ነዳጅ ማደያው ድረስ በእግሯ ሄዳለች። ጨቅላው ጀርባዋ ላይ ያስል ነበር።

ከእናቴ ጎን የቆሙት ጋሼ ሳሉን ሰሙት። «ሰውስ ነበረ፣ ልጄ። እኔ ነበርኩ» አሏት።

እናቴ «ኧረ ጋሼ፣ እንዳይከፈት ያልኩት እኮ እኔ ነኝ» ብትል አልሰሟትም። ሴትዮዋ ልታጽናናቸው ብትሞክር ጭራሽ ባሰባቸው።

ከዚያ ወዲያ ተረቱን አልተዉትም። ግን ባዕዱ በሩን የሚያንኳኳበት ላይ ሲደርሱ ያቋርጡና፣ ተነስተው የእኛን በር ከፍተው ደጁን ግራና ቀኝ ያያሉ። ዘግተው ተመልሰው ነው የሚጨርሱልን። ያኔ እኛ እንስቅ ነበር።

ዛሬ ጋሼ የሉም። ካናል ዊንቸስተር ባለው ቤቴ ተረቱን ለልጄ የምነግረው እኔ ነኝ። በራችን ካሜራ አለው፤ ማን እንደመጣ ስልኬ ያሳየኛል። ቢሆንም እዚያ ቦታ ስደርስ ተቀምጬ መቀጠል አልችልም።

«ማም፣ ኖባዲስ ዜር» ይለኛል ልጄ።

ደጅ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ያን ማታ ተረቱ በመቀጠሉ ደስ መሰኘቴ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ ተነስቼ እከፍታለሁ።