የቡሬው ኮምፕሬሰር ናፍጣ ወዴት ሄደ?

ባለፈው ማክሰኞ ቡሬ የሄድኩት ሌባ ለመያዝ ነበር።

አንድ ፊታውራሪ እዚያ የኑግ ዘይት መጭመቂያ አላቸው። የዘይቱን ቆርቆሮ ክዳን ተጭኖ የሚያሽገው ሲሊንደር የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ደግሞ ናፍጣ ይጠጣል... ሰሞኑን ያለ ልክ ጠጣ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት አያ ሙላት ናፍጣውን ይሸጣሉ ተብለው ተጠረጠሩ። ፊታውራሪ ከቴክኒክ ኮሌጅ ከወጣሁ ገና መንፈቅ ያልሞላኝን እኔን ከፍኖተ ሰላም አስጠርተው፣ እስከ ማታ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ ሰውየውን እንደሚያባርሩ ነገሩኝ። እኔም አገሩን በአንድ ቀን ላቀና የምቸኩል ነኝና እየሮጥኩ ሄድኩ።

ሳሙና በጥብጬ የአየር ቧንቧውን እቀባ ጀመር። አየር የሚያፈስ ቦታ ካለ አረፋ ይሠራል። አያ ሙላት ባልደክም እንደሚሻለኝ ደጋግመው መከሩኝ። ይኸ ጥርጣሬዬን አባሰው።

ከግድግዳው ማዶ የሚያፏጭ ነገር ሰማሁ። ዞሬ ሳይ እትየ ዘርፌ የሚባሉ ሴት ቧንቧው ሥር ተቀምጠው ኑግ ያበጥራሉ። ሰፌዱን አያነሱትም። ኑጉን በአንድ እጃቸው ቀስ አድርገው ያንጠባጥቡታል፤ ከመጋጠሚያው የሚወጣው አየር ገለባውን ይወስደዋል። የመጋጠሚያው ብሎን ሆን ተብሎ ላልቷል።

«እትየ፣ ይኸ አየር እኮ ናፍጣ ይበላል» አልኳቸው።

«ነፋስ ደግሞ ምን ይበላል ልጀ?» ብለው ሳቁብኝ።

አያ ሙላት ተከትለውኝ መጥተው ኖሯል። ወደ ጎን ወሰዱኝና ሴትየዋ ወድቀው ትከሻቸው ከተሰበረ ወዲህ ሰፌድ ማንሳት እንዳቃታቸው፣ ካላበጠሩ ደግሞ ሥራው እንደሚቀርባቸው ነገሩኝ። ብሎኑን ያላሉት አያ ሙላት ራሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ሌባ ሲባሉ ዝም አሉ?»

«እኔስ ሌላ ቦታ እቀጠራለሁ። እሷን ማን ይቀጥራታል?»

ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አልኩ። ከፊቴ ሲሊንደሩ ክዳኑን ይጫናል፣ ሲመለስ «ፉፍ» ብሎ የሠራበትን አየር ይተፋል። ይጫናል... ይተፋል። ይህን አየር ማንም አይፈልገውም!

ብሎኑን አጠበቅሁ። ከሲሊንደሩ መተንፈሻ እስከ እትየ ዘርፌ ሰፌድ ድረስ የጎማ ቱቦ ዘረጋሁ። ፉፍ ሲል ኑጉን ይለቃሉ፣ ዝም ሲል ያርፋሉ። ሲጮህ የሚውለው ኮምፕሬሰርም መሀል መሀል ላይ ያርፍ ጀመር።

ማታ ለፊታውራሪ ናፍጣው ያለቀው አየር በማፍሰሱ እንደሆነ፣ የሰረቀ ሰው እንደሌለ አስረዳሁ። ብሎኑ በምን ላላ ብለው ጠየቁኝ።

«ብሎን በንዝረት ይላላል» አልኳቸው።

እውነት ነው፣ ብሎን በንዝረት ይላላል... ያኛው ብቻ በርኅራኄ ነው የላላው።