የዳማ ኮርቻ

ከዳባት የወጣሁ ዕለት ጎህ ሲቀድ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር። አባቴ ዳማን ከነኮርቻዋ አውጥተው ልጓሟን አስጨበጡኝ፤ ከዚያች በቅሎ ሌላ የሚጋልቧት አልነበረቻቸውም። "አጎትህ ርስትህን ቢቀማህ እኔ ባዶ እጅህን አልሰድህም። ሠርተህ፣ በእሷው ጀርባ ተመልሰህ አሳየኝ" አሉኝ። ደግሞም እንደ ልማዳቸው፣ "ላቧ ሳይደርቅ ኮርቻዋን እንዳታወርድ፤ ብርድ ይመታታል" አሉ። ይህንማ ከጡት ጋር የጠባሁት ነው።

በጎንደር፣ በአዘዞ፣ በጭልጋ አድርገን መተማ ወረድን። ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳን ሹም ጋቢዬን ከላይ እስከ ታች አየና አስተርጓሚውን፣ "ይህ ሰውዬ ታሟል?" አለው።

"አልታመመም፤ ደገኛ ነው።"

"ታዲያ ምን ለየው?" ብሎ ማኅተሙን መታልኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገዳሪፍን ገና ስገባ ጠላኋት። ኪስራ የሚሉት እንጀራ ዐይን የለውም፤ ውሃው ለብ ያለ ነው። እኛ አገር ሰው ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ እዚያ ፀሐይን እንደ ሽፍታ ይሸሿታል። ሰዉ አንገረብ የሚባለውን አልጋውን ተሸክሞ ከጥላው ጋር ዛፉን ሲዞር ይውላል። ውሻው ከውሃ ጋኑ ሥር ያለውን እርጥብ አፈር ቆፍሮ ሆዱን ያስተኛበታል። ፍየሉ ከቆመ ግመል ሆድ ሥር ይገባል፣ በጎቹም ዛፍ ሲያጡ አንዱ ራሱን ካንዱ ሆድ ሥር ይደብቃል። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ "አይ ሰነፍ አገር፣ ከብቱ እንኳ ሰነፍ" እል ነበር።

ቤት ያከራየኝ ሐጂ ጎንደር ቆዳ ሲነግድ አማርኛ የለመደ ሽማግሌ ነው። ግቢው ውስጥ ኒም የሚሉት አንድ ዛፍ አለ። የገባሁ ዕለት፣ "ክፍሉ ያንተ ነው፤ ጥላው ግን እስከ ዐስር ሰዓት የኔ ነው" አለኝ።

"አያ ሐጂ፣ ጥላም ባለቤት አለው ይሉኛል?"

"ዛፉን ውሃ አጠጥቼ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።"

እኛ ዘንድ ከደብሩ ጥድ ሥር ለማኙም ባላባቱም እኩል ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ሐጂውን በደመኛ ዐይን አየው ጀመር።

እንጀራዬ ዳማ ነበረች። በኮርቻዋ ግራና ቀኝ የውሃ ቆርቆሮ አንጠልጥዬ በየቤቱ እሸጣለሁ። አንድ ቀን በስድስት ሰዓት ላብ በላብ ሆና ገባች። እንደ አገሬ ወግ ኮርቻዋን ሳላወርድ፣ ነፋስ እንዳይመታት ከግድግዳው ጥግ ፀሐዩ ላይ አሰርኋት። እሷ ግን ገመዷን ወጥራ ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች። ሐጂው ካልጋው ቀና አለ።

"ሐበሺ፣ በቅሎይቱን ወደዚህ አምጣት። ኮርቻዋንም አውርድላት።"

"ጥላው ያንተ አይደለም እንዴ?" አልሁት። እስከዚያ ቀን አንቱ እለው ነበር።

"ለሰው ነው ያልሁህ። እሷን ምነው ትገድላታለህ?"

"ለጎንደሬ የበቅሎ አያያዝ ልታስተምር ነው?"

ዐይኑን የጣለባት መሰለኝ። ገብቼ በሬን ዘጋሁና ተኛሁ።

ስወጣ ሐጂው ገመዱን በቢላ ቆርጦ እስከ ዛፉ ጎትቷታል። ኮርቻዋ ወርዷል። ዳማ ጥላው ላይ ተጋድማለች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ የሚጠጣውን ውሃ በራሷ ላይ ያፈሳል። ሲመሽ ሞተች። "እሷ እንኳ ታውቅ ነበር" አለኝ። ሰደብሁት። ዛሬም ድረስ አልወደውም፤ ልክ ነበረና።

በዓመቱ አንድ ነጋዴ የአባቴን ደብዳቤ አመጣልኝ። "ዳማ ደኅና ናት ወይ? ላቧ ሳይደርቅ ኮርቻዋን እንዳታወርድ፣ አደራ" ይላል። መመለስ በእግርም ይቻላል ትሉኝ ይሆናል። በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ? ሳልመለስ እሳቸው ዐረፉ፣ አሁን ደፍሬ የምጽፍላችሁም ስለዚህ ነው።

ያኔ የላክሁት መልስ አጭር ነበር። ደኅና ነኝ፣ ዳማም ደኅና ናት፣ አገሩም ሸጋ ነው አልሁ። ከታች ደግሞ "ኮርቻዋን አላወረድሁም፤ እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ" ብዬ ጨመርሁ። ከጻፍሁላቸው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነው።