ወገባችንን ከበርሜል ጀልባው ጋር ያሰርንበት ገመድ

የዓሣ ማስገር ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊው «ሞተር ማስነሳት ትችላላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ዋና መቻላችንን አልጠየቀም። የተከዜ ግድብ ውሃ የአበርገሌን ቆላ ገና መሸፈኑ ነበር። እኔ ከፃግብጂ የወረድኩ ማር ቆራጭ ነኝ፤ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም።

ጀልባውን ፖንቶን ይሉታል። ስድስት ባዶ በርሜል በብረት ተያይዞ፣ ጣውላ ተነጥፎበት፣ ከኋላ ሞተር ተገጥሞለታል። ቆሞ መረብ ለመሳብ ይመቻል። አንዱ በርሜል ውሃ ካስገባ ግን በዚያ በኩል ያዘነብላል። ስለዚህ በየጠዋቱ በርሜሎቹን በዱላ እየመታን እንፈትሻለን፤ ባዶው ይጮሃል፣ ውሃ የያዘው ድምፁ ይታፈናል።

የሥራ ጓደኛዬ አያ ኪሮስ የአበርገሌ ሰው ነበር። ማሳው ከውሃው ሥር ስለቀረ የትኛው ግራር የት እንደሰጠመ ያውቃል። እሱም ዋና አይችልም።

የሕይወት አድን ጃኬት ሰቆጣ መጋዘን ገባ ሲባል ሰምተን ጠየቅን።

«በዓሣ ሽታ ልታበላሹት ነው?» አለን ኃላፊው። «እንግዳ ሲመጣ የሚለብሰው ነው።»

«ጌታው፣ እንግዳ ዳር ቆሞ ነው የሚያየን። ውሃው ላይ ያለነው እኛ» አለው አያ ኪሮስ።

«ከፈራህ ሂድና ፍየልህን ጠብቅ!»

አባቱ የሚሆነውን ሰው ነበር እንዲህ የሚያንጓጥጠው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ የምናውቀውን አደረግን። እኛ ማር ቆራጮች ገደል ላይ የምንሠራው ወገባችንን በገመድ ታስረን ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ ወገባችን ላይ፣ ሌላውን ጀልባው ብረት ላይ አሰርን። ቋጠሮውን ለአያ ኪሮስ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ በተሳበ ቁጥር የሚጠብቅ ነው። ኃላፊው አይቶ «ጎበዞች፣ መላ አገኛችሁ» አለን።

አንድ ጠዋት የግራውን የኋላ በርሜል ስመታው አልጮኸም። ለኃላፊው ነገርኩት።

«እንግዶች ለምሳ ይደርሳሉ፣ ዓሣ ይፈለጋል። በርሜሉ ነገ ይበየዳል» አለ።

ወጣን። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

መረቡን የሰጠመ ግራር ያዘው። ሁለታችንም በግራ በኩል ቆመን ስንስብ ጀልባው ተገለበጠ። ገመዱ ጣውላው ሥር ይዞ አስቀረን። የመረብ ቢላዬ በእጄ ስለነበር የኔን ቆርጬ፣ በርሜል ጨብጬ ብቅ አልኩ። የአያ ኪሮስን ገመድ እየዳበስኩ አገኘሁት። እሱ ከታች ይጎትተው ነበር። ቆርጬ ሳልጨርስ መጎተቱን አቆመ።

በማግስቱ ጃኬቶቹ ከነላስቲካቸው መጡ። ሬሳ የሚያወጡት ሰዎች ለበሷቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ኃላፊው ወረቀት ይዞ መጣ። «ሟቹ ራሱን ከጀልባው ጋር በማሰሩ» ይላል።

«ምስክር ነህ፣ ፈርም» አለኝ።

«ጃኬቱስ? በርሜሉስ?»

«እኔ ነኝ እንዴ ያሰርኩት?»

አልፈረምኩም፤ ከሥራ አባረረኝ። መባረሩን ረስቼዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ውሸት አለመሆኑ ነው። ቋጠሮው የኔ ነበር።

በፖንቶን ለምትሠሩ፦ ገደል ላይ የሚያድን ገመድ ውሃ ላይ ይገድላል። ወገባችሁን ከጀልባ ጋር አትሰሩ። ጃኬት ካልሰጧችሁ አትውጡ።